«ሺህ ተከታይ አለኝ፣ ገዢ ግን የለኝም» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው እሑድ ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ቀን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ትውልና ማታ ማታ ቤቷ ባለችው የስፌት መኪና የሕፃናት ቀሚስ እየሠራች በቴሌግራም ትሸጣለች። ስልኬን የሰጠቻት ከእኔ በርበሬ የምትወስደው አክስቷ ናት። «እትዬ፣ ሺህ ሁለት መቶ ተከታይ አለኝ፤ በወር ግን አራት ቀሚስ ከሸጥኩ ትልቅ ነገር ነው። ልተወው ይሆን?» አለችኝ። ገብስ እሳት ላይ ጥጄ ስለነበር «አይዞሽ፣ አትተዪው፣ ማታ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ማታ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። እዚህ የምጽፈው የነገርኳትንና ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ምነው ይሄንንም ባልኳት» ያልኩትን ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኳት «እስካሁን የገዙሽ ሰዎች ስንት ናቸው?» ብዬ ነው። አላወቀችውም። «ስልካቸውስ?» አልኳት። ቴሌግራሙን ወደ ኋላ ብትፈልግ የአንዳንዶቹን ልታገኘው እንደምትችል ነገረችኝ። ሺህ ሁለት መቶውን ግን ቁጥር ሳትሳሳት በቃሏ ታውቀዋለች። ልቤን የነካኝ ይሄ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና የሾርባ እህል አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ምክንያት ከተማዋን ለቀን ወጥተን ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ፣ ፒያሳ ተቀጥሬ የምሠራበት ሱቅ ባዶ ነበር፤ መደርደሪያው እንኳ አልተረፈም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ «ትንሽ ታገሺኝ» አለኝ። ታገስኩ፤ ሱቁ ግን አልተከፈተም። እናቴ ጓዳ የቀረ ሽምብራ ነበር። ሦስት ኪሎ ሽሮ አዘጋጅተን ለጎረቤት ሸጥን፤ የተረፈውን ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለቀቅኩት። እንዲህ ነው የጀመርኩት። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የቴሌግራም ቻናሌ 1,140 ሰው ደረሰ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው ያንን ቁጥር ነበር።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። 1,140 ሰው በአንድ ጠዋት የት እንደገባ ጠፋኝ። ስማቸውን አላውቅም፣ ስልካቸው የለኝም፤ አብዛኞቹ ደግሞ አንድም ቀን አልገዙኝም። ፍልሰታ ደርሷል፣ ሃያ ኪሎ ሽሮ ተፈጭቶ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ያዳነኝ የሱቅ ልማዴ ነው። ሱቅ ስሠራ የዱቤ ደብተር የምይዘው እኔ ስለነበርኩ፣ የራሴንም ሽያጭ ሳላስበው በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ ምን ያህል ወሰደች፣ በስንት ቀን። ቁጭ ብዬ ስቆጥር 63 ሰው ሆነ። ከ1,140ው ውስጥ ንግዴን የተሸከሙት እነዚህ 63ቱ ነበሩ፤ እኔ ግን ለእነሱ የተለየ ነገር አድርጌ አላውቅም።

በሁለት ቀን ሁሉንም ደወልኩላቸው። ኢንተርኔት ባይኖርም ስልክ ይሠራ ነበር፤ ገንዘቡንም *127# እየደወሉ በቴሌብር ላኩልኝ። ሃያ ኪሎው በአምስት ቀን አለቀ። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ከእነዚያ ሰዎች ጋር ነው የዘለቅኩት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የማየው ደብተሩን ነው።

ደብተሩ ላይ ምን እንደምጽፍ በዝርዝር ልናገር፤ ሰው ሁሉ «ደንበኛ ያዙ» ይላል፣ እንዴት እንደሚያዝ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ገጽ እሰጣለሁ። ከስምና ከስልክ ቀጥሎ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ሁለት ኪሎ ሽሮ ከወር ብዙም አያልፍም፤ በጾም ደግሞ ሳምንት ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ በሃያ አምስተኛው ቀን ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ያ ቀን ሲደርስ እደውላለሁ። ስደውል «ልላክልዎት?» ብዬ አልጀምርም፤ «ያለፈው እንዴት ነበር?» ነው የምለው። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ያሉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጨው በዝቶበታል፤ ግፊት አለብኝ፣ ግን ላስከፋሽ አልፈለግኩም» አሉኝ። ባልደውል ዝም ብለው ይቀሩ ነበር፤ እኔም ምክንያቱን ሳላውቀው እኖር ነበር። አሁን ጨው የሌለበትን ለብቻ አዘጋጃለሁ፤ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች ስምንት ቤቶች እሱን ነው የሚወስዱት።

ለኮምቦልቻዋም ልጅ ያልኳት ይሄንኑ ነው። የልጅ ልብስ ደግሞ ከሽሮ ይብሳል፤ ልጅ ያድጋል! የሁለት ዓመት ልጅ ቀሚስ የገዛች እናት በዓመቱ የሦስት ዓመት ቀሚስ ትፈልጋለች። የልጁን ዕድሜና ልኩን ጽፎ የያዘ ሰው ለማን መቼ እንደሚደውል አያጣም።

ቀጥሎ የተከራከርንበት ነገር «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ነው። እሷ ዋጋ አትጽፍም፤ «ዋጋውን ካዩት ይሸሻሉ፣ ካናገርኳቸው ግን አሳምናቸዋለሁ» አለች። በዚህ አልስማማም። ዋጋ የደበቀ ሻጭ ሲያጋጥመኝ እኔ ራሴ አልፌው እሄዳለሁ። ገንዘብ ያጠራት እናት «ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ «ውድ ነው» ብላ መመለስ ታፍራለች፤ ስለዚህ ከነጭራሹ አትጠይቅም። ብር ያለው ሰው ደግሞ መልስ እስኪመጣለት አይጠብቅም። እኔ ዋጋውን በትልቁ ጽፌ መለጠፍ ስጀምር የሚጽፍልኝ ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ የሚገዛው ግን ጨመረ፤ «ስንት ነው?» ለሚል መልእክት ስመልስ የማመሸው ሰዓትም ተረፈኝ። ከዋጋው ጋር ሦስት ነገር አብሬ እጽፋለሁ፤ የተፈጨበትን ቀን፣ ውስጡ የገባውን፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ።

ዋጋ ለመጻፍ ግን ዋጋን ማወቅ ይቀድማል። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተሳስቼ ኖሬያለሁ። ሽሮውን በኪሎ 240 ብር ስሸጥ፣ የሽምብራውን፣ የቅመሙንና የወፍጮውን ብቻ ደምሬ በኪሎ 55 ብር የማተርፍ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ሁሉንም ጻፍኩት። ሃያ ኪሎ ክክ በ130 ብር 2,600። ኮሮሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ 900። ከሰል 250። ወፍጮ 200። ባጃጅ ደርሶ መልስ 150። ከረጢትና ወረቀት ለአሥራ ስምንት ኪሎ 216። አሥራ ስምንት ያልኩት ሲለቀም፣ ሲታመስና ሲነፋ ሁለት ኪሎ ስለሚጎድል ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ በሃያ ነበር የማካፍለው። ድምሩ 4,316 ብር፤ ለአሥራ ስምንት ሲካፈል 240 ሊሞላ ሃያ ሁለት ሳንቲም ጎደለው። ሁለት ቀን ሙሉ ጭስ ውስጥ የቆምኩት በነፃ ነበር ማለት ነው። ደብተሩ ላይ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

በማግስቱ የራሴን ቀን 400 ብር ብዬ ሂሳቡ ውስጥ አስገባሁት፤ ትንሽ ትርፍ ጨምሬበትም ዋጋው 320 ሆነ። ለደንበኞቼ ደብቄ አልጨመርኩም፤ ከላይ ያለውን ዝርዝር በእጅ ጽሑፌ ጽፌ ፎቶውን ለቀቅኩላቸው። ከ63ቱ አምስቱ ቀሩ። ሌሎቹ ግን ቀጠሉ፤ አንዷ እንዲያውም «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የከረጢቱም የቅመሙም ዋጋ ስለማይረጋ ሂሳቡን በየወሩ መጀመሪያ እንደገና እሠራዋለሁ። ልጅቷን «ለአንድ ቀሚስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?» ብላት ክሩንና ጨርቁን ቆጥራ ሌሊቷን ረስታዋለች።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደምወደው ነገር ልምጣ። ከወሎ ስንት እህቶቻችን ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት እንደሚሠሩ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከየሰፈሩ አለ። እኔ ለእነሱ ሽሮ መላክ አለብኝ ብዬ ስንት ጊዜ ስጨነቅ ኖርኩ። አንድ ቀን ከጂዳ አንዲት ልጅ «ለእኔ አይደለም፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለችው እናቴ ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ አድርሺልኝ። ብር ስልክላት ለሰው ትሰጠዋለች፣ እሷ ባዶ ቤት ትቀመጣለች» ብላ በድምፅ ላከችልኝ። ወንድሟ ገንዘቡን አስገባ፣ እኔ ራሴ ይዤ ሄድኩ። እናቲቱ ከረጢቱን ተቀብለው ሳሙት። ልጅቷን በቪዲዮ ደውዬ አገናኘኋቸው፤ ሁለቱም ለመናገር አቃታቸው። ቡና ሳልጠጣ አልለቀቁኝም፤ እስከ በረካው አስቀመጡኝ፣ መርቀው መርቀው ሸኙኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ደሴ ላለች እናትዎ እኛ እናደርሳለን» ብዬ ለብቻው መለጠፍ ጀመርኩ። ዛሬ ከሽያጬ ሲሶው ከዚህ ነው የሚመጣው። የምጠይቀው የሰፈሩን ምልክትና የእናትየውን ስልክ ነው። ፎቶ የምልከው ለላኪዋ ብቻ ነው፤ እናቶችን አደባባይ ላይ ለማስታወቂያ አላወጣም። ሰው ይህን ፎቶ ቢያይ ስንት ገዢ እንደሚመጣ የሚነግሩኝ አሉ። ይምጣም ይቅርም፣ ችግርና ናፍቆት ያለበት ፊት የእኔ ዕቃ ማሻሻጫ እንዲሆን አልፈቅድም። ኮምቦልቻም ላይ ልጇን አያቷ ዘንድ ትታ የሄደች እናት ብዙ አለች። ያቺ እናት ለልጇ ቀሚስ የምታሰፋለት፣ ልኩንም ሄዳ የምትለካላት የታመነች ሰፊ ብታገኝ እንዴት ደስ ይላታል!

ወቅቱን ቀድሞ ማየትም አለ። እኛ ቤት ሁለቱም ጾም ይጾማል፤ እናቴ ረመዳንን፣ አባቴ ዐቢይ ጾምን። እንዲያም ሆኖ በ2017 ተዘናግቼ ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ተከተለ። ሽሮውን አዘጋጅቻለሁ፤ የሾርባውን ገብስና አጃ ግን «ይደርሳል» ብዬ በሦስተኛው ቀን አለቀብኝ። ረመዳን በየዓመቱ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንደሚመጣ እያወቅኩ በካላንደር ላይ አላሰመርኩበትም። አሁን መስከረም ላይ የዓመቱን በዓልና ጾም ሁሉ አሰምርና ከእያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥሬ ሁለተኛ መስመር አሰምራለሁ፤ እህል የምገዛው በዚያ ነው። ለልብስ ሰፊ መቼም ይሄ አይነገርም፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። የጥምቀት ቀሚስ ጥር 8 ላይ ቢለጠፍ ማን ይገዛዋል? የገና በዓል ሳይደርስ ነው መታየት ያለበት።

ስለ መላክ ባጭሩ። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዕቃው ጠዋት ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ይሄዳል። ስምና ስልክ በማርከር ሁለት ቦታ ይጻፍ፤ አንዱ ቢደመሰስ ሌላው ይተርፋል። የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንስቼ፣ የረዳቱን ስልክ ጨምሬ ለተቀባይዋ እልካለሁ። መንገድ ሲዘጋ እሷ ሳትጠይቀኝ እኔ ነኝ ቀድሜ የምደውለው። ዕቃው መዘግየቱን ሰው ይታገሰዋል፤ የሻጭ ስልክ አለመነሳት ነው የማይታገሰው። ሌላው፣ ገንዘብ ገብቷል ለማለት የደረሰኝን ስክሪንሾት አላምንም። ሁለት ጊዜ ተታልያለሁ፤ ተቀንብሮ የተሠራ ምስል ነበር። ከ127 ለእኔ የሚደርሰውን መልእክት ካላየሁ፣ ወይም ሂሳቤን ከፍቼ ካላረጋገጥኩ ዕቃ ከቤት አይወጣም። ሽሮ ለሚሸጥም አንድ ነገር፤ ከወፍጮ የመጣውን ትኩሱን አትሸጉት። ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። ተነጥፎ አንድ ሌሊት ይደር።

ቪዲዮም እሠራለሁ፤ ቲክቶክ ላይ ብዙ ሰው ያገኘኝ በሱ ነው። ብዙ አልደክምበትም። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፌ ሽምብራው ሲታመስ የሚያሰማውን ድምፅ እቀዳለሁ። ዘፈን አልጨምርም። የሽምብራው መንጣጣት ራሱ ሰውን እናቱ ጓዳ ይወስደዋል። አንዳንዴ ከበስተኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል፤ ያኔ ከሩቅ ያሉ የደሴ ልጆች «አገሬ» ብለው ይጽፉልኛል። ከዚያ በኋላ ሥራው ያንን «አገሬ» ያለውን ሰው ስሙን መጠየቅና ደብተር ላይ ማስፈር ነው።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ ያነሳችው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። «እሺ ይሄን ሁሉ ላድርግ፤ ጠዋት ጠዋት የሚተወኝን ጉልበት ከየት ላምጣው?» አለችኝ። የማነቃቂያ ንግግሮችን ታዳምጣለች፤ ለአንድ ሰዓት ትሞቃለች፣ ከዚያ የሌላውን ገጽ ታያለች፣ እንደገና ትቀዘቅዛለች። እኔም አዳምጥ ነበር። ለእኔ የሠራው ሌላ ነው። ቀኖቼን እንደ ገበያ ቀን ቆረጥኳቸው። ሰኞ ሰኞ ገበያ ወርጄ እህል እገዛለሁ። ማክሰኞ እለቅማለሁ፣ አምሳለሁ። ረቡዕ ወፍጮ። ሐሙስ መናኸሪያ። ዓርብ ከሰዓት ደብተሩን ይዤ እደውላለሁ። ቅዳሜ ሂሳብ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ፣ ሰኞ ሲሆን ዘንቢሌን ይዤ እወጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከነጋዴዎቹ ጋር ዋጋ ስከራከር ልቤ ከኋላ ደርሶ ያገኘኛል። ምንም ያልተሸጠባቸው ሳምንታት አሉ፤ አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ሰው አልገዛኝም። እናቴ ከሰል እያራገበች «አብሽሪ፣ ሰኞ እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም» አለችኝ። በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ከረጢት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ጽፌ ጨረስኩ፣ ወንፊት አስጠገንኩ፣ ከእኔ ገዝተው የጠፉ ዘጠኝ ሰዎችን ደወልኩ። ሦስቱ ተመለሱ።

ሌላውም ነገር ከመኝታ ስነሳ የመጀመሪያውን ሰዓት ስልክ አልከፍትም። የሌላ ሰው ትልቅ ሱቅ፣ ያማረ ማሸጊያ፣ የተሰለፈ ገዢ በባዶ ሆድ አይታይም። ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ራሴን ሳወዳድር የኖርኩባቸው ወራት ይቆጩኛል፤ እነሱ የሌላቸው ነገር በእጄ ነበር። በባጃጅ አሥር ደቂቃ ሄጄ የማንኳኳው የደንበኛ በር አለኝ።

ሐሙስ ዕለት መናኸሪያ ሳለሁ ልጅቷ እንደገና ደወለች። ቴሌግራሟን ወደ ኋላ ሄዳ የአሥራ አራት ገዢዎችን ስልክ አግኝታ በአንድ መስመር ደብተር ላይ ጽፋቸዋለች። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ለአሥራ አንዱ ደወለች። ሁለቱ ለልደት አዘዙ። አራቱ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነገሯት፤ ቀሚሱ ያምራል፣ የአንገቱ መክፈቻ ጠባብ ስለሆነ ግን ልጆቹ ሲለብሱ ያለቅሳሉ። «እትዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ እኮ ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ድምጿ የእሑዱ አልነበረም። የአራቱንም ቀሚስ አንገት በነፃ አስፍታ ልትመልስ ከየቤታቸው ሰብስባለች፤ ከኋላ አንድ አንድ ቁልፍ ልትጨምርበት አስባለች። ነገ ኮምቦልቻ በርበሬ የማደርስላቸው ሁለት ቤቶች ስላሉኝ ቁልፉን ከፒያሳ ገዝቼላት እወርዳለሁ፤ ነጭና ሮዝ ብላኛለች፣ ትንንሹን።